ትበላለች ያልኩበት ቀን

እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ የምትለብሰው የእሑድ ልብሷን ነበር። ሰማያዊውን ቀሚስ፣ ቢጫ ጥለት ያለውን ነጠላ፣ እግሯንም ታጥባ ቫዝሊን ተቀብታ። «ሐኪም ፊት ተጎሳቁሎ አይቀረብም» ትላለች። ቅዳሜ ገበያ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ስትሸጥ ቀሚሷን ጭቃ ቢነካው ግድ የላትም፤ ለሐኪሙ ግን ለጌታ ቤት እንደምትለብሰው ትለብስለታለች። ስለዚህ ዶክተሩ ባያት ቁጥር ያየው ያማረባትን ሴት ነው። ከቀሚሱ ስር ሁለት ሹራብ ደርባ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አሁን ጥሩ ሆኗል። አንድ ነገር አምሮ ሲጻፍልኝ ደስ ይለኛል፤ በልቤ እዘላለሁ ማለት ይቻላል። ግን ይህን ደስታዬን እፈራዋለሁ፣ ለምን እንደምፈራው ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ እራት ላይ ቂጣ ቆርሳ አፏ ካደረገች በኋላ እጇን ደረቷ ላይ ታሳርፍና ዝም ትላለች። «ምነው እማ?» ስላት «እዚህ ጋ ቆመብኝ» ትላለች። ውሃ ትጠጣለች፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቆይቶ ቂጣውን ተወችው። አባቴ ከጎፋ የመጣ ግንበኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ ታች በረሃው ኦሞራቴ ሥራ ላይ ስለነበር ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። እናቴ ያደገችው ከከተማችን ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ቀበሌ ነው። ከእኔ ጋር በአሪኛ፣ ከአባቴ ጋር በአማርኛ ታወራለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ለመሸጥና ለመሳቅ ይበቃል፣ ብዙ ሰው ፊት ስትቆም ግን ይጠፋባታል።

ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ፣ ግን ደግ። የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላትና ለወር ቀጠራት።

«እናት፣ በዚህ ካልተሻለዎት ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮ ገብቶ መታየት አለበት። እሱ እዚህ የለንም፣ ሪፈር እጽፍልዎታለሁ። እንዳይቀሩ፣ እሺ?»

«እሺ ልጄ» አለች። ደጅ ስንወጣ በአሪኛ «ገመድ በጉሮሮዬ ሊከቱ? እንደ ላም?» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

በሳምንቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት ቤታችን መጣ። መሪዋ ከግድግዳችን ወዲያ የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሲጸልዩ ግን ድምፃቸው የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚያንቀጠቅጥ። እጃቸውን እናቴ አንገት ላይ ጭነው ጸለዩ። ሁላችንም አለቀስን። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ ግማሽ ስኳር ድንች በላች። ሁለት ጊዜ ቆም አለች፣ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣች፣ ግን ወረደላት።

«ወረደ!» ብላ ጮኸች። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ «ሃሌሉያ!» ብለው መለሱ።

ጸሎቱ ይሁን መድኃኒቱ አላውቅም፤ ሁለቱንም የሰጠው ጌታ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ቀን ወርዶላታል፣ ይህ እውነት ነው። ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተፈወሰ ሰው እሑድ ቆሞ ይመሰክራል። እናቴ አማርኛው እንዳይጠፋባት ፈራች። «አንቺ ጻፊልኝ፣ አንቺው አጠገቤ ቆመሽ አንብቢው» አለችኝ። ጊዜው ደግሞ የኔ ጊዜ ነበር። በዚያ ሳምንት ስለ ነሪ ወንዝ ሙላት የጻፍኩትን ድርሰት የአማርኛ መምህራችን ለክፍሉ አንብቦ «ከእንግዲህ አንቺ ላይ ቀይ እስኪርብቶ አላነሳም» ብሎኛል። አስቡት እንግዲህ! እግሬ መሬት አልነካም ነበር። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩና አነበብኩላት።

«‹ጌታ የጉሮሮዬን በር ከፈተው፤ እንደ ልጅነቴ በላሁ፤ ጠገብኩም።›»

«እንደ ልጅነቴ?» አለች እናቴ። «ግማሽ ስኳር ድንች እኮ ነው የበላሁት።»

«እማ፣ ሲጻፍ እንዲህ ነው። ያምራል።»

«ያምራል» አለች እሷም። ጽሑፌን እያየች፣ ማንበብ ሳትችል፣ ፈገግ አለች። «በጣም ያምራል።»

እሑድ አጠገቧ ቆሜ አነበብኩ። «እንደ ልጅነቴ በላሁ» የሚለው ጋ ስደርስ አዳራሹ በእልልታ ተሞላ፣ ከኋላ ያሉት ከወንበራቸው ተነሡ። እናቴ እጄን ይዛ እያለቀሰች ነው። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ራሴ ላይ እጃቸውን አኑረው «የዚህች ልጅ እጅ የተባረከ ነው» አሉ። የወጣቶች ኃላፊው ደግሞ ለግድግዳ ጋዜጣው እንድጽፍ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁንም ሳስታውሰው ደስታው ትንሽ ይመጣል፣ ወዲያው ግን ሌላው ነገር ይከተለዋል።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ጎደሬ ቀቅላ በእንጨት ማንኪያ ትደቁሳለች። ደቆሰች፣ ውሃ ጨመረች፣ አሁንም ደቆሰች። ሕፃን የሚበላው ዓይነት እስኪሆን አቀጠነችው። ቤታችን ውስጥ ሕፃን የለም።

«እማ፣ ተመለሰብሽ እንዴ?»

«ምኑ?»

«የጉሮሮሽ።»

በማንኪያው ወደ ግድግዳው አመለከተች። «ቀስ በይ! ከዚያ ወዲያ ሰው አለ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአሪኛ ነገረችኝ። ፈውሴን በእምነት ተቀብያለሁ ስትል ሰው ሁሉ ሰምቷታል። አሁን አመመኝ ካለች የምታሳፍረው ጌታን ነው። እምነቷን ከያዘች ግን ሕመሙ ራሱ ያፍርና ይሄዳል። «ደግሞ» አለችኝ፣ «ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ሰው አንቺንስ ምን ይልሻል?»

ይህን ያለችው ለኔ አስባ ነው። እኔም ለራሴ አሰብኩ። የግድግዳ ጋዜጣው ላይ የመጀመሪያ ጽሑፌ የተለጠፈው በዚያ ሳምንት ነበር። ልጆች መንገድ ላይ «ጸሐፊዋ!» እያሉ ይጠሩኛል። ጎደሬውን አብሬያት ደቆስኩ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሰማያዊው ቀሚስ፣ ነጠላው፣ ቫዝሊኑ፣ ሁለቱ ሹራቦች። ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ የሚያስለውን ልጇን ታቅፋለች። «እንዴ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ተፈውሰሽ የለ?» አለቻት ልጅ የያዘችው። በክፋት አይደለም፣ እየሳቀች ነው።

«ቀጠሮ ስላለኝ ነው፣ መፈወሴን ለመንገር» አለች እናቴ።

ተጠርተን ገባን። በሩ ከኋላችን አልተዘጋም፤ ሙቀት ስለነበር ነርሷ በድንጋይ አስደግፋ ከፍታዋለች። ከዚያ አግዳሚ እስከ ዶክተሩ ጠረጴዛ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«እናት፣ እንዴት ነዎት? ተሻለዎት?»

«ተፈውሻለሁ! ጌታ ይባረክ!» እናቴ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከውጭ «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምግብ ይወርድልዎታል?»

«ይወርዳል።»

ዶክተሩ ካርዷን አገላበጠ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የሪፈር ወረቀት ነበር፤ ስሟና ዕድሜዋ ተጽፎበታል፣ ቀሪው ባዶ ነው። ለእሷ አስቀድሞ ጀምሮት ነበር። ልክ አንድ ነገር እንደጠረጠረ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? አብረሻት ነው የምትኖሪው አይደል? ትበላለች?»

እናቴ አላየችኝም። ጉልበቷን ነበር የምታየው። በተከፈተው በር በኩል ልጁ ሲያስል ይሰማኛል።

«ትበላለች» አልኩ።

ውሸት አልነበረም እኮ። ትበላለች። ምን እንደምትበላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ዶክተሩ ደስ አለው፣ በእውነት ደስ አለው፤ «በጣም ጥሩ! እንግዲያው ሪፈሩን እንተወው፣ ከተመለሰብዎት ግን ቶሎ ይምጡ» ብሎ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስንወጣ ሁለቱ ሴቶች እናቴን ተነሥተው አቀፏት።

አሮጌውን የአውሮፕላን ሜዳ አቋርጠን ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ሁለት ጊዜ ቆመች። የሚግጡትን ላሞች የምታይ መስላ። ድካም እንደነበር አውቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንደምጽፋቸው አላውቅም። ጎደሬው አጥሚት ሆነ፣ አጥሚቱ የጎመን ውሃ። ሹራቦቹ ሦስት ሆኑ። ስለ ከሳው ፊቷ ሰው ሲጠይቃት «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» ትላለች፣ ሰውም «ተባረኪ» ይላታል።

ለፋሲካ አባቴ ከኦሞራቴ መጣ። ኳንታ ዓሣ በማዳበሪያ ይዞ፣ ከፀሐይ ብዛት ጠቁሮ። ገና ከበሩ «እንዴ፣ ጂንካ ምግብ አልቋል እንዴ? እኔ በረሃ ውዬ ወፈርኩ፣ እናንተ እዚህ ለምለሙ አገር…» እያለ መቀለድ ጀመረና እናቴን አቀፋት። ቀልዱን አልጨረሰውም። እጆቹ ጀርባዋ ላይ ቆሙ።

«ስንት ሹራብ ነው የለበስሽው?»

«ይበርደኛል።»

«በዚህ ሙቀት?»

አንድ በአንድ አወለቀላት። ሦስተኛው ሲወልቅ እኔም ራሴ ደነገጥኩ፤ እኔም እንደዚያ ሆና አላየኋትም ነበር። አባቴ አልጮኸም። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ አብረሻት አልነበርሽም?» አለኝ። ያ ብቻ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ተጠሩ። እናቴ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች፤ ምስክርነቷን ላለማፍረስ ብላ ሐኪሙን ድኛለሁ እንዳለችው። እትዬ ቆመው ሰሙ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ለሐኪም አትንገሪ ብዬሻለሁ? ምነው እህቴ! እኔ ራሴ የስኳር መርፌዬን ወግቼ አይደል እንዴ ለአንቺ ልጸልይ የመጣሁት! ጌታን የምታሳፍሪው መስሎሽ ነው? እሱ እንደሆነ ጉሮሮሽን ከአንቺ በፊት ያውቃል። የማያውቀው ዶክተሩ ነው!»

በማግሥቱ ከሰዓት፣ ከቤታችን ኋላ ባለው እንሰት ጥላ ውስጥ፣ ለዶክተሩ የምንሰጠውን እናቴ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። እሷ በአሪኛ፣ እኔ በአማርኛ። «ጻፊ» ትለኛለች። መጀመሪያ ቂጣ እንደቆመባት፣ ቀጥሎ ስኳር ድንች፣ ቀጥሎ ጎደሬ፣ አሁን ውሃም አንዳንዴ እንደሚመለስ። ከየትኛው የገበያ ቀን ጀምሮ እንደሆነ። ጀርባዋን ሌት ተቀን እንደሚያማት። ከዚህ እንሰት ኋላ እየሄደች እንደምታስመልስና አንድ ቀን ደም እንዳየችበት። ይህን የመጨረሻውን አላውቅም ነበር። እስኪርብቶዬ ቆመ።

«ጻፊው እንጂ» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«ደም አየሁ በይ። ሌላ ምን ትያለሽ?»

«ደም አየሁ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር አንድም የለም።

ጠዋት ሰማያዊውን ቀሚስ ስታነሣ ከእጇ ወሰድኩት። «የገበያውን ልበሺ፣ እማ። እንዳለሽ ይይሽ።» ጭቃ የነካውን ለበሰች። ወገቡ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። በሩን ስንገባ እኔው ዘጋሁት።

ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበው። እንደገና አነበበው። ካርዷን አውጥቶ ቀኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ቀኑን አየ። ጎደሬ የተደቆሰው ከዚያ «ተፈውሻለሁ» ካለችበት ቀን በፊት መሆኑን ያኔ እንዳገኘው ፊቱ ነገረኝ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም» አለ። ሲያመሰግኑኝ ያመመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቆየና ቀስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ «እኔም ጥፋት አለብኝ። ‹ትበላለች› ስትይኝ ‹ምን ትበላለች?› ማለት ነበረብኝ» አለኝ።

ሪፈሩ በዚያው ቀን ተጻፈ። በትልቁ ከተማ ሐኪም ቤት ቱቦው ገባ፣ ካሜራው አየ። ዘገያችሁ ብሎ የጮኸብን የለም። የዚያ ሐኪም ቤት ሐኪም ለአባቴ በጎን ሊነግረው ሲጠራው ግን እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«ዶክተር፣ ጉሮሮው የኔ ነው፣ ለኔ ንገረኝ። ቀጥ አድርገህ። እድናለሁ?»

ሰውዬው ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እናት፣ ወተትና ውሃ እንዲወርድልዎት ማድረግ እንችላለን። ማዳን ግን አንችልም። ጊዜው አልፏል።»

«እሺ» አለች በገበያ አማርኛዋ። «አሁን ገባኝ። ተባረክ።»

ጂንካ ተመለስን። ወተት ይወርድላት ነበር። አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሳለሁ፣ እሷ ቀደመችኝ።

«ያቺን ምስክርነት አንብቢልኝ።»

«እማ፣ አይሆንም። ውሸት ናት።»

«አውቃለሁ። አንብቢያት።»

አነበብኩላት። «እንደ ልጅነቴ በላሁ» የሚለው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። «ውሸትም ብትሆን ጣፍጣኛለች» አለችና ጉንጬን ነካችኝ። እኔ ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ልቅሶ አሁንም አልጨረስኩትም።

በዚያው ዓመት፣ ኮረሪማ ሲደርስ፣ አረፈች።

ለቀብሩ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ። አንዳቸው «መጨረሻው ላይ ‹ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው› ትያለሽ፣ እንደተለመደው» አሉኝ። ሞከርኩ። እስኪርብቶው አልሄድ አለኝ። የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ምግብ አልወርድ ሲላት ለሐኪሙ ሳትነግረው ቆየች። ሐኪሙ እኔን ሲጠይቀኝ እኔም አልነገርኩትም።» እሱን ሳነብ እልልታ አልነበረም፣ አሜንም አልነበረም። ያቺ ሐኪም ቤት ልጅ ይዛ የነበረችው ሴትዮ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየተንቀጠቀጠች ታለቅስ ነበር።

ድንኳኑ በተነሣ በሳምንቱ እትዬ በራችን ላይ መጡ። ዛሬ ቀልድ የላቸውም። የቀጠሮ ካርዳቸውን ይዘዋል።

«ማክሰኞ ለስኳሬ እቀርባለሁ» አሉኝ። «መርፌውን አንዳንዴ እንደምተወው ለዶክተሩ ነግሬው አላውቅም። ጎበዝ ነዎት እያለ ሲያመሰግነኝ እንዴት ብዬ? ደግሞ ድካሙ በርትቶብኛል። እስቲ ጻፊልኝ።»

ደብተሬን አመጣሁ። እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ፣ ደጃፉ ላይ፣ ተቀመጥን።

«ሲሄዱ ይደክምዎታል?»

«በጣም እንጂ! እግሬ እንደ…»

«እትዬ፣ በጣም ማለቱ ይቅር። ከየት እስከ የት ሲሄዱ ነው ያረፉት?»

ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ኮረብታ አዩ።

«ትናንት» አሉ። «ከእናትሽ መቃብር እስከ ቤቴ። አራት ጊዜ ቁጭ አልኩ።»

እንዳሉት ጻፍኩት።